ለወንበር የተላኩ ሽማግሌዎች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከተማው እያለቀ ገጠሩ በሚጀምርበት ሰፈር፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። የዚህ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህራን ኅብረት ሰብሳቢ ለስምንት ዓመታት አቶ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ሆነው ሠርተው በጡረታ የተገለሉ፣ በሰንበት ከቅዳሴ የማይቀሩ፣ በዚሁ ትምህርት ቤት የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ሊድያን የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። ክፉ ሰብሳቢ ነበሩ የሚል ሰው አልነበረም። ግቢውን ያሳጠሩ፣ ለተማሪዎቹም ዴስክ ደጅ ጠንተው ያመጡ እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ ከፊት ሲቀመጥ ወንበሩ የተሰጠው መሆኑን ይረሳል። አቶ ኃይለ ሚካኤልም መንገድ ላይ «ሰብሳቢ፣ እንደምን አደሩ?» ሲባሉ፣ በክርስትና ስማቸው ከመጠራት ይልቅ ደስ ይላቸው ጀመር።

በዚህ ዓመት ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት ተነሣች። ከድጃ ትባላለች፤ በሰፈሩ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ሱዓድ የምትባል ልጅ ያላት ናት።

«ጋሼ ኃይለ ሚካኤል፣ ለግቢው በር ቀለም ተገዛ፤ እሰየው» አለች። «የሴቶቹ ሽንት ቤት ግን ጭራሽ በር የለውም። ልጄ በየወሩ አራት ቀን ከቤት ትውላለች። ሂጂና ቀለሙን እይው ልበላት?»

«በዕቅድ ተይዟል» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«ዕቅዱስ በር አለው?»

እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ሳቁ ሳያበቃ አንዷ «ከድጃ ትወዳደርልን!» ብላ ጮኸች፤ ስሟም ከእጩዎች ተራ ተጻፈ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ያን ሳቅ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከወላጆቹ የሚበዙት እናቶች ነበሩና እንደሚሸነፉ አወቁ።

በወሎ ሼክና ቄስ አንድ ላይ ሽማግሌ ሆነው ከደጅ ሲቆሙ እምቢ ብሎ የሚመልሳቸው የለም። ይህም ሽምግልና ለደም፣ ለትዳር፣ ለድንበር የቆየ ነው። አቶ ኃይለ ሚካኤልም ራሳቸው ስንት ጊዜ ተልከው አስታርቀዋል። እንግዲህ ሼክ መሕሙድንና ቄስ ሞላን በየቤታቸው ሄደው እንዲህ አሏቸው፦ «ከከድጃ ጋር ተቀያይመናል። በአደባባይ አዋርዳኛለች። ይህን ውድድር ካልተወችው ቂሙ ይጸናልና በመካከላችን ግቡልን።»

ቂም አልነበረም። የነበረው ፍርሃት ነው። ሁለቱ አዛውንት ግን ለዕርቅ የተጠሩ መስሏቸው፣ አንዱ መስቀላቸውን፣ ሌላው መቁጠሪያቸውን ይዘው ሐሙስ ዕለት ወደ ከድጃ ቤት ሄዱ። ቄስ ሞላ ተመልሰው ለአቶ ኃይለ ሚካኤል እንደ ነገሯቸው፣ ሴቲቱ «ወላሂ፣ እኔ ምንም ቂም የለኝም!» ብላ ነበር። ሽማግሌዎቹ ይህን እንደ ወግ ወሰዱት፤ የተቀየመ ሰው ሁሉ መጀመሪያ እንዲያ ይላልና። በመጨረሻ የሁለቱንም ጉልበት ስማ «የእናንተን ፊት ረግጬ የት እደርሳለሁ? ትቼዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ወላጆች በግቢው ተሰበሰቡ። ሼኩና ቄሱ በክብር ከፊት ተቀምጠዋል። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ሁለተኛዋን እጩ ሲጠሩ ከድጃ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ለሽማግሌ ትቼዋለሁ» አለችና ተቀመጠች። እናቶቹ አጉረመረሙ፤ ሆኖም የሽማግሌ ስም ተጠርቷልና የጠየቀ አልነበረም። ብቸኛው እጩ በጭብጨባ ጸደቁ። ከድጃም አጨበጨበች።

አቶ ኃይለ ሚካኤል ጭብጨባዋን ሲያዩ ልባቸው ተሸበረ። ተነሥተው «ይህ ለእኔ አይገባኝም፤ ሌላ ሰው ይሁን» አሉ።

በአገራችን ግን የተመረጠ ሰው ሁሉ እንዲያ ማለቱ የታወቀ ነው። ባጃጅ የሚነዳው ጁነይድ ከኋላ «ጋሼ፣ ትሕትናውን ይተዉትና ይቀመጡ! ባጃጄን መንገድ ላይ አቁሜ ነው የመጣሁት!» ሲል ሕዝቡ ሳቀ። እውነቱን በጨዋ ደንብ ስለ ተናገሩት እንደ ጨዋ ደንብ አለፈ። ይህ እንደሚሆን ሲናገሩም ያውቁት ነበር። ተቀመጡ።

ቀጥሎ ሼክ መሕሙድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ። «ያ አሏህ፣ በሁለቱ መካከል የነበረውን ቂም እንዳወጣህልን፣ ልጆቻችንን በዚህ በእውነተኛ ሰው እጅ ጠብቅልን።»

«አሚን!» አለ እስላሙም ክርስቲያኑም። ከድጃ መዳፎቿን ከፍታ፣ ዓይኖቿን ጨፍና፣ ከልቧ አሚን ትል ነበር። አቶ ኃይለ ሚካኤል ግን አሜን አላሉም። በሐሰት ለተገኘ ምርቃት አሜን ማለት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ናቸውና ብድግ አሉ።

«ሼክ፣ ዱዓውን ያቁሙልኝ» አሉ።

ዱዓ ሲቋረጥ በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። ሕዝቡ ዞሮ አያቸው።

«ቂም አልነበረም። እንዳትወዳደረኝ ብዬ ነው የላክኋችሁ። እንደምታሸንፈኝ አውቄ ነው።»

የሼክ መሕሙድ የተዘረጉ እጆች፣ እንደ ዱዓ ፍጻሜ ፊታቸውን ሳያብሱ፣ ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው ወረዱ። ቄስ ሞላ ወደ መሬት እያዩ «እኔ እኮ መስቀሌን ይዤ ነው የሄድኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር።

ከድጃ ተነሣች። «ምን በድያቸው ይሆን ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ስጨነቅ! ሰው ሽንኩርት ሲለኝ ቃሪያ ስሰጥ!» አለች። የሳቀ አልነበረም።

ርዕሰ መምህርቷ «እንግዲያው ሰብሳቢነቱ ለወይዘሮ ከድጃ ይሁን» ቢሉ፣ «አይሆንም!» አለች። «ለቀው የሰጡኝን አልወስድም። ይወዳደሩኝ፤ ሕዝቡ ይምረጥ።»

«እባክሽ ልጄ፣ እኔን ተይኝ» አሉ አቶ ኃይለ ሚካኤል።

«ሽማግሌ ልላክብዎት እንዴ?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል ወደ ፊት ወጡ። ድምፅ የሚሰጠውን ሰው እንዳያዩ ሁለቱም እጩዎች ጀርባቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ፊታቸውን ወደ መማሪያ ክፍሉ ግድግዳ አዞሩ። አቶ ኃይለ ሚካኤል ለስምንት ዓመታት ያስለሰኑትን ግድግዳ በቅርብ ያዩት ያን ጊዜ ነው። ከኋላቸው ቆጠራው ለከድጃ ረዘመ። «መቶ አርባ ሁለት» ተባለ። ለእርሳቸው ግን ወዲያው አለቀ፤ «አሥራ አንድ»።

አንድም ሰው ባይኖር በቀለላቸው ነበር። ሁሉን ሰምተው እጃቸውን ያወጡት አሥራ አንድ ሰዎች እነማን ይሆኑ? ምሕረታቸው ከስድብ ይልቅ ከበዳቸው።

«ዞር ይበሉ እንጂ ጋሼ፤ አለቀ» አለች ከድጃ ዝቅ ባለ ድምፅ። ዞሩ። ከፊት የነበሩት የሽማግሌዎቹ ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

ማንንም ሳይሰናበቱ ከግቢው ወጡ። ሼኩና ቄሱ በአስፋልቱ ዳር ጎን ለጎን ዳገቱን ይወጣሉ። የበደለ ሰው የበደለውን ሊክስ ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል፤ አቶ ኃይለ ሚካኤል ግን ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን በድለው ማንን ይላኩ? ብቻቸውን ተከተሏቸው። «አባቴ!» ብለው ሊጣሩ አስበው ተዉት።

ቄስ ሞላ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ሼክ መሕሙድ ክንዳቸውን ይዘው ሲጠብቋቸው ወደ ኋላ ዞር አሉና አቶ ኃይለ ሚካኤልን አዩ። ፊታቸውን መለሱ። ሁለቱ እንደ ገና መራመድ ሲጀምሩ፣ እርሳቸውም ሠላሳ ያህል እርምጃ ርቀው፣ ሊደርሱባቸው ሳይደፍሩ፣ ሊመለሱም ሳይችሉ፣ ዳገቱን ተከትለው ወጡ።