አልማዝ ፍለጋ

አገር ቤት በፖለቲካ ታስሬ ነው የወጣሁት። አሜሪካ ስደርስ ደግሞ ጥገኝነት ጠየቅህ ብለው ካቴና አጠለቁልኝና አሌክሳንድሪያ አካባቢ አንድ ማቆያ ወሰዱኝ። ክፍላችን ውስጥ የምንጠጣው ውሃ ሽንት ቤቱ አናት ላይ ከተገጠመ ቧንቧ ነው የሚቀዳው። አብረውኝ የታሰሩት የወሎ ሽማግሌ፣ "ትለምደዋለህ ልጄ" አሉኝ። ምኑን ልልመደው?

ብዙም ሳልቆይ ቀኝ ግንባሬ ላይ እንደ እሳት የሚለበልብ ነገር ወጣ። ውሃ ቋጥሮ ወደ አፍንጫዬ ወረደ። ዓይኔ ቀላ፣ መብራት ማየት አቃተኝ።

"አልማዝ ባለጭራ ነው" አሉኝ ሽማግሌው። "ዓይን ከገባ አይምርም። ዛሬውኑ ንገራቸው።"

ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘችኝ። አስተርጓሚዋ እዚሁ አሜሪካ ያደገች ልጅ መሆኗ ካነጋገሯ ያስታውቃል።

"አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኛል። ዓይኔ ውስጥ እየገባ ነው" አልኳት።

"ይቅርታ፣ አልማዝ ነው ያሉኝ?"

"አዎ፣ አልማዝ።"

ለነርሷ ስታስተረጉም "ዳይመንድ" የምትለው ቃል ጆሮዬ ገባች። ነርሷ ዓይኔን ትታ ኪሴን ማየት ጀመረች።

ወደ ክፍላችን እንደመለሱኝ ወዲያው ጠባቂ መጥቶ ልብሴን አስወለቀኝ። አልማዝ ፍለጋ! ከታች የጀመረበትን ጓንት ሳይቀይር ጣቱን አፌ ውስጥ ከተተው። ያ የላስቲክ ጣዕም እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ሰው በሰው ላይ እንዲህ ሲያደርግ ትንሽ እንኳ አይቀፈውም?

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። ጠባቂው ዙር ብሎ ቢጮህባቸውም ንቅንቅ አላሉም።

"ስትለብስ ንገረኝ ልጄ" አሉኝ።

ልብሴን ለብሼ አንድ በአንድ ቆለፍኩ፣ የአንገቴን ቁልፍ ሳይቀር።

"ለብሻለሁ አባባ።"

ያኔ ዞሩ።

ሐኪም ያየኝ ዓይኔን ነጭ ነገር ከጋረደው በኋላ ነው። "ትንሽ ቀደም ብለህ ብትመጣ" አለኝ። እኔ ነኝ የዘገየሁት ማለት ነው።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ ቀኝ ዓይኔ አያይም። ክሊኒክ አፖይንትመንት ሲኖረኝ አስተርጓሚ እንጥራልህ ይሉኛል፣ አልፈልግም እላለሁ። ሐኪሙ ጓንት ሲያጠልቅ አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ። ዓይንህን ምን ነካው ሲለኝ ግን ቀና ብዬ፣ አልማዝ ባለጭራን በእንግሊዝኛ ስሙ፣ "ሺንግልስ" እለዋለሁ። እንግሊዝኛዬ እስካሁን ስብርብር ነው። ይህችን ቃል ግን የተማርኳት በዓይኔ ነው።