ከሌላ ስልክ ተከፍቷል

ፕሮግራም መጻፍን ለብቻዬ ተምሬ፣ ዲላ ላሉ ተማሪዎች የፈተና መለማመጃ ድረ ገጽ ሠራሁ። ተማሪው አንዴ ከገባ የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ አይጠየቅም። አንዱ የተመዘገበበትን ሰፈሩ ሁሉ እንዳይቀባበለው ግን፣ አካውንቱ በሌላ ስልክ ሲከፈት የፊተኛው ወዲያው ይዘጋል። የራስ ባልሆነ ነገር መጠቀም ስርቆት ነው፤ ልጄንም ያሳደግሁት እንዲህ እያልኩ ነው።

ልጄ አንድ ቀን ስቆጣው ተቀይሞ በሞያሌ መንገድ ሄደ፤ ስልኩም አይሠራም። ከርሞ፣ ጥናቱን ለማየት በእሱ አካውንት ገብቼ ሳለሁ ገጹ ተዘጋና «ከሌላ ስልክ ተከፍቷል» የሚል፣ እኔው የጻፍኩት መልእክት መጣ።

«አለ! ልጄ አለ!» አለች እናቱ።

«ለሌላ ሰው ሰጥቶትስ እንደሆነ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ሕግህን ነው የምታስበው? ተመልሰህ ብትገባ እኮ ታስወጣዋለህ። አንሳው ያንን ነገር!»

አላነሳሁትም። ባነሳው ሁለታችንም ሳንነካካ እንገባለን፤ መኖሩን የሚነግረኝ ምልክት ግን ይጠፋል። ስለዚህ በየማለዳው እገባና እስኪያስወጣኝ እጠብቃለሁ። ሲያስወጣኝ ልቤ አርፎ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። የቡና ለቀማው ካለቀ ወዲህ ግን ገጹ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ የሚያስወጣኝ አጣሁ።