ለሚበር የተለካ መንገድ

ወንድሜ ደብረ ማርቆስ እቤቱ ያረፈው ጠዋት ነው። ሁለት ልጆች ነበሩት። ወንዱ ድሬዳዋ ይሠራል፤ ሴቷ ቆላ ወርዳ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ተድራለች። ለወንዱ ወዲያው ተደወለለት። «አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው፤ ነገ ከዚያ በመኪና እመጣለሁ፤ ጠብቁኝ» አለ። ቀብሩ በእሱ ልክ ለማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። የሴቷ መንደር ስልክ አይሠራም። ቀትር ላይ እኔ ስጠይቅ ነው ማንም እንዳልነገራት የታወቀው። አንድ ጎረቤት ለምኜ በእግሩ ላክሁት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ወንዱ ከች አለ። አለቀሰ፤ አልዋሽበትም። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ «የመልስ አውሮፕላን አለብኝ፤ ለምን እስከ ዘጠኝ እንቆያለን?» አለ።

«እህትህስ? አባቷ አፈር ከለበሰ በኋላ ትድረስ?» አልሁት።

ስልኩን አውጥቶ አንድ መስመር አሳየኝ። «ይዩት አክስቴ፣ እሷ ያለችው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። እኔ ስንት አገር አቋርጬ ደርሻለሁ። ብትፈልግ እስካሁን ትደርስ ነበር።»

ትምህርት ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። መስመሩ ገደሉንም የሞላውን ወንዝም ዘሎ ማለፉን ለማየት ግን ያ ይበቃኛል።

«ይሄ ለሚበር የተለካ ነው። እህትህ ክንፍ አላት?»

የእድሩ ዳኛ ጣልቃ ገባ። «እሜቴ፣ ከሩቅ የመጣ ልጅ አያስቸግሩ።»

«ሩቁ ማን ነው? ተቀምጦ የመጣው ወይስ በክረምት ገደል የምትወጣው?»

እስከ ዘጠኝ አስቆየኋቸው። ልጅቱ አልመጣችም፤ ሳጥኑ ተነሣ።

አስከሬን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ እያረፈ ይጸለይለታል። አሁን አሁን ከተማው ቸኩሎ ሁለት ሦስቴ አሳርፎ ያልፋል። ቄሱን መንገድ ላይ ያዝኋቸው።

«አባ፣ ሥርዓቱ ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው አንዷንም እንዳይዘሉብኝ።»

«ይመሽብናል እኮ።»

«ይምሽ።»

አዩኝ። ገብቷቸዋል፤ ግን ሥርዓቱን አይሆንም ሊሉ አይችሉም። ሳጥኑ በወረደ ቁጥር የወንድሜ ልጅ ሰዓቱን ያያል። አራተኛው ላይ መጥቶ፣ «በአባቴ ቀብር ይጫወታሉ?» አለኝ።

«የእሷም አባት ነው!» ብዬ ጮህሁበት። ሰው ሁሉ ዞረ። ይዙር።

ስድስተኛው ላይ ደረሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሳጥኑ ላይ ተደፋች። ወንድሟ ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ቀና ብላ፣ «ላንተ መቼ ነገሩህ?» አለችው።

«ትናንት ጠዋት።»

«እኔ የሰማሁት ማታ ነው። ሊነጋ ሲል ተነሥቼ ይኸው እስካሁን ስሄድ።»

ወደ እኔ አየ፤ ምንም አላገዝሁትም። ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ሊያነሡ ሲጠጉ ቄሱ በእጃቸው ከለከሏቸው። አልቅሳ ወጥቶላት ራሷ እስክትነሣ ድረስ ወንድሟም እኛም ቆመን ጠበቅናት።