እስክትቀመጥ

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ይህን እንኳ የምጽፈው ሦስት መስመር እየጻፍኩ፣ እየተነሣሁ፣ ግቢውን አንድ ጊዜ እየዞርኩ ነው። ልጆቼ "እንደው ምን ያቅበጠብጥሻል?" ይሉኛል። ምን እንደሚያቅበጠብጠኝ አውቃለሁ። በጣሊያን ዘመን ሕፃን አዝዬ ወራት የተራመድኩት እርምጃ ከእግሬ ስላልወጣ ነው።

ያን ጊዜ የምኖረው በሉማሜ አካባቢ፣ ከመኪናው መንገድ በታች ባለች መንደር፣ ከአማቴ ቤት ነበር። ባለቤቴ ከአርበኞች ጋር በረሃ ወርዶ፣ አልፎ አልፎ ተደብቆ ብቅ ይል ነበር እንጂ ቤት አያድርም። የእኔ አባት ዲማ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ብሆንም ዳዊት አስደግመውኛል፤ እጄም ከዚያ ወዲህ ፊደል አልሳተም። አማቴ ግን ስለዚህ ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦ "ንባብሽ እህል ይፈጫል?"

ሴት ልጄን የወለድኩት በጥቅምት ነው። ገና አራስ ቤት ሳለሁ ማቅረሸት ጀመረች። ቅርሻት ለሕፃን ብርቅ አይደለም፣ ያላቀረሸ ልጅ ያሳደገ ማን አለ? የእሷ ግን ሌላ ነበር። ጡቴን ለቅቃ ከንፈሯ ሳይደርቅ ጀርባዋን ወደ ኋላ ትለጥጣለች፣ ፊቷ ይቀላል፣ የጠባችው ሁሉ በአፏም በአፍንጫዋም ይመጣል። ከዚያ ታለቅሳለች። አልቅሳ ስትጨርስ ይርባታል፤ ስትጠባ ደግሞ እንደገና ያው ነው። ሦስት ወር ሲሞላት ክንዷ ከጣቴ ብዙም አይወፍርም ነበር።

አማቴ የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። ጤና አዳም ዘፍዝፈው ውሃውን በጠብታ አጠጧት። ሆዷን በሞቀ ጨርቅ አሹላት። በየጧቱ ደግሞ ለጋ ቅቤ በጣታቸው ጫፍ ያልሷታል፣ አንጀት ያለሰልሳል ብለው። ቅቤውም ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ጧት አፏን ወደ ብርሃን አዙረው ከፍተው አዩና "እንጥሏ ወርዷል" አሉ።

ይህን ቃል ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። ከእሷ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። እሱም ያቀረሽ፣ ያስል ነበር። እሱንም እንጥሉ ወርዷል ብለው ቆራጩን ጠሩ። ቆራጩ ጫፉ የተቆለመመ ትንሽ ቢላ ነበረው፤ አማቴ ጭንቅላቱን ያዙ፣ እኔ እግሩን ያዝኩ። ደሙ አልቆም አለ። በሦስተኛው ቀን ቀበርነው። አማቴ "ዕድሜው ነው" ብለው ነጠላቸውን ተከናነቡ፤ እኔም እግሩን በያዝኩበት እጄ ምን እላለሁ?

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ምራት ስለ አማቷ አፏን ስትከፍት ሰው የሚጠብቀውን ስለማውቅ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የልጅ ልጃቸውን ከእኔ ባልተናነሰ ይወዱ ነበር። እሳቸው የራሳቸውን ስድስት ልጆች እንጥል አስቆርጠው ሁሉንም አሳድገዋል። እና የእኔ አንድ ልጅ መሞት ከእሳቸው ስድስት ልጆች መዳን ጋር ሲመዘን የትኛው ይደፋል? በእሳቸው ሚዛን የኔው ቀሊል ነበር። ቆራጩ ለሐሙስ ተቀጠረ።

እኔ ግን አንድ ነገር ደርሼበት ነበር። ምንጭ ስወርድ በአንቀልባ አዝዬ ወስጃት ነበር፤ አጥብቻት፣ ቀጥ አድርጌ። ደርሼ እስክመለስ ጠብታ አላቀረሸችም። በማግስቱም እንደዚሁ። ወፍጮ ላይ ሳጎነብስ ግን ወዲያው አንገቴ ሥር ሞቅ ያለ ነገር ወረደ። ሳስተኛት ትመልሳለች፣ ሳጎነብስ ትመልሳለች፤ ቀጥ ብዬ ስራመድ ዝም ትላለች። ነገሩ ይኸው ነበር። ታዲያ ምን ላድርግ? ተራመድኩ። ጧት አጥብቼ እወጣለሁ፣ ከመንደሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ይዤ እስከ ባሕር ዛፎቹ፣ ከባሕር ዛፎቹ ተመልሼ እስከ ምንጩ። እህሉ አይፈጭም፣ በረቱ አይጠረግም። የመንደሩ ሴቶች "የሷ ቂጥ መሬት አይነካም" እያሉ ይስቁብኛል። ከኮረብታው ሥር የጣሊያን ካሚዮኖች ወደ ደብረ ማርቆስ እያጓሩ ያልፋሉ፤ ሰዎች ካሚዮን የምቆጥር ሰላይ እንዳልመስል ይፈሩልኝ ነበር። እኔ የምቆጥረው ሌላ ነበር፤ ሐሙስ ስንት ቀን እንደቀረው።

"ምነው አንቺ፣ ቤቱ ያባርርሻል?" አሉኝ አማቴ።

"እሜቴ፣ ቀጥ ብላ ስትያዝ እኮ አታቀረሽም። በራሴ አይቻለሁ።"

"አሁን አንቺ ነሽ አዋቂ? በቀደም የወለድሽ?"

ከኔ አፍ የወጣ ነገር ምን ክብደት ይኖረዋል? ረቡዕ ጧት እንስራ ተሸክሜ፣ ልጄን አዝዬ ውሃ ልቀዳ ብዬ ወጣሁ። እንስራውን ከምንጩ አጠገብ አስቀመጥኩትና መንገዴን ቀጠልኩ። ቁይ ከተማ አድሬ በማግስቱ ዲማ ከአባቴ ቤት ልገባ ነበር ሐሳቤ። ስለ ስንቅ እንኳ ያሰብኩት ብዙ ከራቅኩ በኋላ ነው።

ወደ ቁይ ለመሄድ የመኪናውን መንገድ መሻገር ግድ ነው። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። አንድ ጣሊያን ከድንኳን ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይጠርጋል፤ ሦስት ባንዳዎች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ከመድረሴ በፊት ልጄ ስትነጫነጭ ከቁጥቋጦ ሥር አጥብቻት ነበር፤ ይህ ስሕተቴ ነው።

አንዱ ባንዳ አስቆመኝ። ረጅም፣ ጉንጩ የጎደጎደ፣ በአነጋገሩ የኛው አገር ሰው። "አውርጃት" አለኝ። ሴቶች የአርበኛ ደብዳቤ በአንቀልባ ውስጥ ያሳልፋሉ ይባል ነበር፤ ውሸትም አይደለም።

"ጌታው፣ አሁን ነው የጠባች። ከተኛች ትታነቃለች።"

"አስተኚያት ብያለሁ!"

መሬት ከተነጠፈ ጆንያ ላይ አስተኛኋት። አንቀልባውን እያገላበጠ ስፌቱን ሲዳብስ ልጄ ጀርባዋን ለጠጠች። ያ የማውቀው ቅላት ፊቷን ሞላው። ወተቱ በአፍንጫዋ መጣና ድምጿ ተቋረጠ። እኔ ዘልዬ ሳልደርስ ሰውየው ጠመንጃውን መሬት ጥሎ አንሥቷት ነበር። በአንድ እጁ ፊቷን ወደ ታች ደፍቶ አፏን በጣቱ ጠረገ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረገ። ስትጮህ ወደ ትከሻው አውጥቶ ቀጥ አድርጎ ያዛትና መራመድ ጀመረ። ወደዚያ፣ ወደዚህ። ልክ እንደ እኔ ነበር እርምጃው። የቀረው ወተት በሹራቡ አንገት በኩል ወረደ፤ ዘወር ብሎም አላየው።

"የኔዋም እንዲህ ነበረች" አለኝ ቀስ ብሎ።

"እንጥሏን አስቆረጣችኋት?"

"ኧረ ወዲያ! ቁጭ ማለት ስትጀምር ራሷ ተወችው። በሰባት ወሯ ይመስለኛል። እስከዚያ ቀጥ አድርገን ያዝናት። አሁን ቅቤ ታልሷታላችሁ?"

"አማቴ ያልሷታል።"

"ተዉት። እስክትቀመጥ ምንም አታልሷት። ካጠባሻት በኋላ እስክታገሳ ትከሻሽ ላይ ያዣት።"

"አሁን የት አለች፣ ልጅህ?"

ጣሊያኑ ከበርጩማው ቀና ብሎ ሲያየን ልጄን እጄ ላይ አስቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ "መንገዱ ዝግ ነው! ተመለሽ!" ብሎ ጮኸብኝ። አንቀልባውን እንደ ውሻ ቆዳ ወረወረልኝ። አዝዬ ተመለስኩ። እግዜር ይስጥልኝ አላልኩትም። እንዲያውም መታጠፊያውን ካለፍኩ በኋላ ወደ ኬላው ዞሬ ምራቄን እንትፍ አልኩ፤ ባንዳን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነበርና።

መንገዱን ሙሉ በአእምሮዬ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፦ ነገ ሐሙስ ነው። ሰውየው የነገረኝን ለአማቴ ብነግራቸው፣ ከማን ሰማሽው ይሉኛል። ከባንዳ ብላቸው ልጄን ከእጄ ነጥቀው ጠበል ነበር የሚነክሯት። ቤት ስደርስ አማቴ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው በር ላይ ቆመዋል። እንስራውን ብቻውን አግኝተው ውሃ የበላን መስሏቸው ነበር።

"የት ነበርሽ? ምን አገኘሽ?"

አፌ ከኔ ቀድሞ "ባሕታዊ አገኘሁ" አለ።

"ምን ያለ ባሕታዊ?"

"ከዲማ በኩል የመጡ። ከመንገድ ላይ። ቢጫ ቀሚስ የለበሱ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እውነት ነበር ማለት ይቻላል። አቀፏት አልኩ። ልብሳቸው ላይ አቀረሸችባቸው፣ አልተጸየፏትም አልኩ። እስክትቀመጥ ቀጥ አድርጋችሁ ያዟት፣ ቅቤ አታልሷት፣ ቢላ አታስነኳት አሉኝ አልኩ። አማቴ እያዳመጡኝ ዕንባቸው ወረደ። የኔን ነገር አንድም ቀን ያልሰሙ ሴትዮ የባሕታዊውን ሳያላምጡ ዋጡት። ሐሙስ ቆራጩ ሲመጣ ምሳውን አብልተው፣ ጠላ አጠጥተው "ከበላይ ትእዛዝ መጥቷል" ብለው ሸኙት። እኔ ልጄን ትከሻዬ ላይ ይዤ ከጓዳ ሆኜ አዳምጥ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ከእኔ ይብሱ ጀመር። ካጠባሁ በኋላ ልጅቷን ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አውጥተው በግቢው ይዞራሉ፤ እስክታገሳ ለማንም አይሰጡም። ትንሽ ዘንበል አድርጌ ከያዝኳት "ቀጥ በይ! ምን ነበር ያሉሽ?" ይሉኛል። ተራ በተራ ስንራመድ ወፍጮውም ሥራ አገኘ። ልጅ የምታቀረሽባቸው ሴቶች ከማዶ መንደር ሳይቀር እየመጡ የባሕታዊውን ቃል ይጠይቁኝ ነበር። ድዷ አብጦ ጣቷን ስታኝክ ደግሞ አማቴ "ስለ ጥርስስ ያሉሽ የለም?" አሉኝ። እኔም ምን ይሳነኛል፣ "ድዷን በመርፌ አትንኩ፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራችሁ አስነክሷት ብለዋል" አልኩ። ባሕታዊው በኔ አፍ ብዙ ተናገሩ።

ግንቦት ላይ ልጄ በአጎዛ ላይ፣ በአማቴ እግሮች መካከል፣ ሳይደግፏት ተቀመጠች። ጡት ጠብታ ተቀመጠች። ወተቱ እዚያው ቀረ። እኔ ግን ገና መቆም አልቻልኩም፤ በዙሪያዋ እየተራመድኩ ሳያት ዋልኩ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ባለቤቴ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይደበቅ መጣ። ኬላውን አቃጥለነዋል አለ። ጣሊያኑ አምልጧል፤ "ከባንዳዎቹ ግን አንድም አልተረፈም" አለ። አማቴ እልል አሉ። ልጅቷን ወደ ላይ አንሥቶ፣ በጉንጮቿ መሙላት ተደንቆ "በምን ዳነችላችሁ?" አለ። አማቴ የባሕታዊውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ "አገር የቆመው እኮ በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው" አለ። የማደርገው ጠፍቶኝ ልጄን ተቀብዬው ወደ ግቢ ወጣሁ። አለቀስኩ። ባሌ በሕይወት መመለሱ ደስ ብሎኛል፤ ያም ሰው መሞቱ አንጀቴን በላው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እስከ ዛሬ አላስታረቅኳቸውም።

አማቴ ዲማ ድረስ ሰው ልከው ባሕታዊውን አስፈለጉ። እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም ተባለ። ይህ እምነታቸውን አጠነከረው እንጂ አላላላውም፤ ከሰው ዓይን ከተሰወሩት ቅዱሳን፣ ከስውራኑ አንዱ ናቸው አሉ። በየዓመቱ ልጅቷ በተቀመጠችበት ወር ዳቦ አስጋግረው፣ ጠላ አስጠምቀው፣ ድኻ ጠርተው ዝክር ያወጡ ጀመር። በመጀመሪያው ዓመት ቄሱ ጸሎት ሊያደርሱ ተነሥተው "በማን ስም ልበል?" ብለው ጠየቁ።

"ስማቸውን አናውቅም፣ ፈጣሪ ያውቀዋል በሉ" አሉ አማቴ።

ከዳቦው ጀርባ ቆሜ ነበር። ስሙን እኔም አላውቀውም። ቄሱ እንደተባሉት ነፍሱን እንዲምር ለመኑ፣ የተሰበሰበው ሰው አሜን አለ፣ ባለቤቴም ባርኔጣውን አውልቆ አሜን አለ። እኔ ዳቦውን ቆርሼ ለድኻው ሁሉ አደልኩ።

አማቴ ሞተዋል፣ ባለቤቴም ሞቷል። ዝክሩን ግን አላስታጎልኩም። ልጄ አሁን እሷ ራሷ አያት ሆናለች፤ ሊጡን ስታቦካልኝ ያ ባሕታዊ ማን እንደነበሩ ትጠይቀኛለች። አባቷ ስለ ኬላው ያወራላትን ስለምታውቅ፣ የአርበኛ ልጅ ስለሆነች፣ "አንድ ቀን ያቀፈሽ ሰው ነው" ከማለት አልፌ አላውቅም።