ለይቅርታ ወጥተን ሐኪም ቤት የዋልንበት ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ከጀሞ የተነሣነው የእህቴን አማት ይቅርታ ለመጠየቅ ነበር። እህቴ ምሕረት ብዙ ዓመት ከጠበቀች በኋላ አርግዛ ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ባሏ ታደሰ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናቱ እማማ ወርቅነሽ መካኒሳ ይኖራሉ፤ ክሳቸውም አንድ ነበር። ምሕረት ካረገዘች ወዲህ ኮርታለች። ቤተክርስቲያን ውስጥ ከጎኗ ተቀምጠው እጃቸውን ቢዘረጉ ሳትጨብጣቸው ቀረች። በአንድ ሰርግ ላይ ደግሞ በአጠገባቸው አልፋ ሄደች። የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶችም ይህንኑ ያማሉ።

«አላየኋቸውም» ትላለች ምሕረት። የሚያምናት ግን አልነበረም። አማትን በሰው ፊት ሰላም አለማለት በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ እኔ ታናሽ ወንድሟ አብሬያት ልሄድ ተስማማን። ሁለት ኪሎ ሙዝና ስኳር ገዛን።

ጀሞ፣ ታክሲ ውስጥ

ሚኒባሱ ውስጥ ምሕረት በበሩ በኩል፣ ከረዳቱ አጠገብ ተቀመጠች። ረዳቱ ከጎኗ ሆኖ እጁን ዘረጋ። «ሒሳብ፣ እናት!» ምሕረት ወደ ፊት ማየቷን ቀጠለች።

«እናት፣ እኔ መንፈስ ነኝ እንዴ? እጄ ደነዘዘ እኮ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁና ከኋላ ሆኜ ከፈልኩ። ምሕረት ዞር ብላ እጁን ስታይ ብቻ ነው የደነገጠችው።

መካኒሳ ስንወርድ አስፋልቱን ልትሻገር እግሯን አነሣች። ከግራ አንድ ባጃጅ እየበረረ ይመጣ ነበር። በነጠላዋ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ዓይንሽን ቤት ጥለሽ ነው የወጣሽው?» ብሎ አለፈ። እሷ ግን እኔን ተቆጣች። «ምን ሆነህ ነው የምትጎትተኝ?» አለችኝ። ባጃጁን ጨርሶ አላየችውም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ቤቱ ድረስ እጇን አለቀቅኩም።

መካኒሳ፣ እማማ ወርቅነሽ ቤት

ይቅርታው ፈጥኖ አለቀ። ምሕረት ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም «ተይው፣ ተነሺ፣ ሆድሽን ትጫኚዋለሽ» ብለው አነሷት። ሻይና ዳቦ ቀረበ። እማማ ወርቅነሽ ብርጭቆውን ይዘው ከግራዋ በኩል መጡና ዘረጉላት። ምሕረት እኔን እያየች ስለ ታደሰ መንገድ ታወራለች። ብርጭቆው አየር ላይ ቀረ።

«ይኸው!» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ጉልበቴን ስማ ሳትጨርስ! አየህ በዓይንህ?»

ምሕረት ድምፁን ተከትላ ዞረችና ክው አለች። «እማማ! መቼ ከጎኔ መጡ?»

የሴትዮዋ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እዚህ ቆሜ ሻዩ በረደ እኮ» አሉ። ምሕረት ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ግንባሯን ካመማት እንደሰነበተ ነገረችን። የበር መቃን ትከሻዋን ይመታታል። የእርግዝና ድካም ነው ብላ ዝም ብላለች።

ጎፋ፣ የዓይን ክሊኒክ

ሦስታችንም በኮንትራት ታክሲ ጎፋ ወደሚገኝ የዓይን ክሊኒክ ሄድን። ወጣቷ ዶክተር ከምሕረት ፊት ለፊት ተቀመጠችና አንድ ዓይኗን አስሸፈነቻት። «አፍንጫዬን ብቻ እዪ። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ካየሽ ንገሪኝ።» ከዚያም ጣቷን ከምሕረት ጆሮ ትይዩ እያወዛወዘች ቀስ በቀስ ወደ ፊት አመጣችው።

ምሕረት የዶክተሯን አፍንጫ እያየች ጠበቀች። ቆይታ «ይጀምሩ እንጂ ዶክተር» አለች።

ዶክተሯ ከጀመረች ቆይታለች። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ። ሌላው ዓይንም እንደዚያው ሆነ። እህቴ የምታየው ከፊቷ ያለውን ብቻ ነበር፤ ግራና ቀኙ ጠፍቷል።

«ከማርገዝሽ በፊት የምትወስጂው መድኃኒት ነበር?»

ምሕረት አማቷን አየች። መሬት አየች። ዶክተሯ ጥያቄውን ደገመችው።

«ነበር» አለች በመጨረሻ። «የወር አበባዬ ቀርቶ፣ ሳልወልድ ጡቴ ወተት ያፈስ ነበር። አንጎል ሥር ያለች እጢ ላይ ትንሽ እባጭ አለ ብለው ሐኪሞች ኪኒን ሰጡኝ። በእሱ ነው ያረገዝኩት። እንዳረገዝሽ ቶሎ ነይ ብለውኝ ነበር። ኪኒኑን አቆምኩ፤ እነሱ ጋ ግን አልሄድኩም።»

«ለምን?»

መልሱን የሰጡት እማማ ወርቅነሽ ናቸው። «በእኔ ነው። ምራቴ ያለ አንዳች መድኃኒት አረገዘች ብዬ ቤተክርስቲያን ጉባኤው ፊት ማይክ ይዤ መስክሬያለሁ። ኪኒን እንዳለ ማን ነገረኝ?» ወደ ምሕረት ጠቆሙ። «ከዚያ በኋላ እንዴት ብላ ትናገር?»

እኔም ስለ ኪኒኑ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ባልና ሚስቱ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። በእርግዝና ጊዜ መድኃኒቱን ሐኪም ራሱ ሊያስቆም እንደሚችል፣ ስህተቱ ያለ ክትትል መቅረቷ እንደሆነ ነገረችን። እጢዋ በእርግዝና ወቅት በተፈጥሮዋ ታብጣለች፤ እባጩም አብሮ ሲያድግ ከበላይዋ የሚያልፈውን የዓይን ነርቭ ይጫነዋል። «ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች። «ሰኞ አይባልም።»

ሆስፒታል

ጭንቅላቷ በኤም አር አይ መሣሪያ ታየ። እባጩ አድጎ ነርቩን ገፍቶታል። ፅንሱ ደህና ነበር። ሐኪሙ ኪኒኑ ዛሬ እንደገና እንደሚጀመር፣ ካልሠራ ግን እባጩ በአፍንጫ በኩል በሚደረግ ቀዶ ጥገና እንደሚወጣ አስረዳን። ምሕረት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የልጄን ፊት አየዋለሁ?»

«ፊት ለፊት የምታዪው እስካሁን ደህና ነው። ጎኑም እንዲመለስ በጊዜ መጥታችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቃል ግን አልገባልሽም።»

ጀሞ፣ መልስ

እማማ ወርቅነሽ በመንገዳችን መካኒሳ ጎራ ብለው ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው አብረውን መጡ። ውሃ የመጣበት ቀን ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ታች ተሰልፏል። አንዷ «ዛሬስ ሰላም ትለን ይሆን?» ስትል ሰማን። እማማ ወርቅነሽ ቆሙ።

«ስሙኝ! ይህች ልጅ ከጎኗ አታይም። ታማለች። ኪኒንም ትወስዳለች። ያለ መድኃኒት ነው እያልኩ ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ ነው።»

«እማማ፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ሰማ» አለች ምሕረት።

«ይስማ! ስንደብቅ ዓይንሽ ሊጠፋ ነበር።»

 ያቺ የተናገረችው ሴት ጀሪካኗን ትታ መጥታ ምሕረትን ደግፋ ደረጃውን አወጣቻት።

ይህን የምጽፈው ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ነው። በቀኝ በኩል እይታዋ ሰፍቷል፤ የግራው ገና ነው፤ ቀዶ ጥገናውም ጨርሶ አልቀረም። ከዚህ አጭር መንገድ የተማርኩት፣ በሰው ጠባይ ላይ ከመፍረድ በፊት ሰውነቱን መጠየቅ እንደሚገባ ነው። ራስ ምታቷንና የዓይኗን ነገር እርግዝና ነው ብለን አልፈነው ነበር፤ እርጉዝ ሴት እንዲህ ስትል ግን ቶሎ መታየት አለባት። እማማ ወርቅነሽ እስካሁን ወደ መካኒሳ አልተመለሱም። የኪኒኑ ቀን ሲደርስ ውሃውን ይዘው ይመጣሉ፤ ምሕረት ኪኒኑን ውጣ አፏን ከፍታ እስክታሳያቸው ድረስም ከአጠገቧ አይነሡም።