የሁለት ጎረቤቶች በርበሬ

በመመረቂያ ጽሑፌ የምስጋና ገጽ ላይ ሁለት ገበሬዎች አሉ፤ ለምን እንዳመሰገንኋቸው ግን መጻፍ አልቻልሁም። ስማቸውን ቀይሬ ላውጋችሁ።

ቡሬ አካባቢ ከየማሳው የበርበሬ ቅጠል ሰብስቤ፣ ዘሮቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ በዲኤንኤ አስመረመርሁ። የአያ ምናለና የጎረቤታቸው የአያ ታከለ በርበሬ አንድ ሆኖ ወጣ። አያ ምናለ ግን "የአባቴ ዘር ነው፤ ሌላ ሰው ዘንድ የለም" ብለው ምለውልኝ ነበር። አማካሪዬ "ቅጠሉን ቀላቅለሽዋል፤ እንደገና አምጪ" አሉኝ።

አፍሬ ተመለስሁ። አያ ምናለ ነገሩን ሲሰሙ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ አልተሳሳትሽም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የአባቴ ዘር በበሽታ ያለቀ ዓመት፣ ለደቦ ለቀማ ሄጄ ከታከለ ማሳ አንድ እፍኝ ዛላ በኪሴ ከተትሁ። አደራ፣ እንዳትነግሪብኝ!"

ጥፋቱ የእኔ ባለመሆኑ ተመስገን እያልሁ፣ አያ ታከለንም ቅጠል ልለምን ሄድሁ። ገና ሲያዩኝ ሳቁ።

"የእኔና የምናለ በርበሬ አንድ ሆነብሽ አይደል?"

የቅጠል መያዣዬን ከቦርሳዬ ማውጣት ጀመርሁ።

"ሲወስድ አይቸዋለሁ። ለምኖኝ ከሚያፍር ብዬ ፊቴን አዞርሁለት። አደራ፣ እንዳትነግሪው!"