የእትዬ በላይነሽ በር

ኡጂ ድስት ሥር ሲይዝ አንድ ሽታ አለው። ኡጂ የምንለው በኬንያ በኩል ያደግን የሞያሌ ልጆች ነን፤ የበቆሎና የማሽላ አጥሚት ነው። በቀደም ለእህቴ ልጅ ጥጄ፣ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አረረብኝ። ድስቱን አንስቼ መስኮቱን ልከፍት ስል ሽታው ይዞኝ ሄደ፤ በቡቲዬ መንገድ ላይ ወደነበረው ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። እትዬ በላይነሽ ኡጂ ሳታሳርር የዋለችበትን ቀን አላስታውስም። ዓይኗ ከልጆች ላይ የማይነሣ ሴት ድስቱን መቼ ታየዋለች?

ልጆች የምታውልበት ቤቷ ነርሰሪ ይባል እንጂ ሰሌዳ እንኳ አልነበረውም። አንድ ሰፊ ክፍል፣ የተነጠፈ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ግቢው መሐል አንዲት የኒም ዛፍ፣ በረድፍ የተደፉ ባለ ቀለም ኩባያዎች። መስኮቱ ላይ በላስቲክ የታሰረ ባለባትሪ ስልኳ ይቀመጣል፤ ሲጮኽ ሁላችንም እንሮጣለን። እናቶቻችን ሱቅ የሚውሉ፣ ሆቴል የሚያበስሉ፣ ጫት የሚሸጡ ነበሩ፤ የሐበሻውም የቦረናውም የሶማሌውም ልጅ እዚያው ይውላል። ስትቆጣ በቦረንኛ ነው፣ ስታባብል በአማርኛ። አንቱ ካልናት «አርጅቻለሁ እንዴ?» ብላ ታኮርፋለች፤ ስለዚህ አንቺ እያልን አደግን።

አንድ ሕግ ነበራት። ጠዋት ልጁን ያመጣ እጅ፣ ማታም እሱው ይውሰድ። ሞያሌ ላይ ደግሞ አጎት ያልሆነ ሰው የለም። የጭነት መኪናው ሾፌር አጎት፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂው አጎት፣ ከብት ነጋዴው አጎት። ድንበሩ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ልጅ ታቅፎ የተጀመረ ዘፈን ሳያልቅ ሌላ አገር መግባት ይቻላል። አንድ ቀን እኔን ሊወስድ የእናቴ ወንድም ቢመጣ በሩ ላይ አቆመችው።

«አጎቷ ነኝ እኮ! ፊቴን አታውቂውም?»

«ፊትህንማ አውቀዋለሁ ወንድሜ። ጠዋት አላየሁትም እንጂ።»

እናቴ ሱቅ ዘግታ እስክትመጣ ድረስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲራገም ዋለ። እናቴ ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «እሰይ፣ ደግ አደረገችህ» አለችው።

ከምሳ በፊት ታጥበናለች። ልብሳችንን አውልቀን በሳፋው ዙሪያ ተራ እንይዛለን። ውሃ በአህያ በጀሪካን እየመጣ፣ ሰው ለመጠጥ እንኳ በሚሳሳበት አገር ይሄ ምን የሚሉት ቅብጠት ነው እያሉ ያሟት ነበር። አሁን ሳስበው ንጽሕናው ሰበብ ነበር። እሷ የምትፈልገው ገላችንን ማየት ነው። ማን እንደተገረፈ፣ ማን እንደከሳ፣ ማን ሲነኩት እንደሚሸማቀቅ የምታውቀው እዚያ ሳፋ ላይ ነበር።

ሰናይት የመጣች ቀን ተራዬ ከእሷ ቀጥሎ ነበር። ልብሷን ስታወልቅ ጀርባዋ ላይ የቀበቶ ዘለበት ያተመው ጠባሳ አየሁ፤ አንዱ ገና አልደረቀም። እትዬ በላይነሽ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ውሃውን ከትከሻዋ ላይ ቀስ አድርጋ አወረደችው፣ ቫዝሊን ቀባቻት፣ እኛን «ምን ታፈጥጣላችሁ!» አለችን። ሰናይት አላለቀሰችም። አምስት ዓመቷ ቢሆን ነው፤ አለማልቀሷ አስፈራኝ።

እናቷ ዘነበች ከኢትዮጵያው ሞያሌ ባሏን ሸሽታ የተሻገረች ሴት ነበረች፤ ሆቴል ውስጥ ታበስላለች። ማታ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እትዬ በላይነሽ ወደ ጥግ ሳብ አድርጋ ጠየቀቻት። እኔ ጫማዬን እየፈለግሁ ነበር፤ ሰማሁ።

«እትዬ፣ ማንም ቢመጣ እንዳትሰጪብኝ። እሷን ከያዘ እኔን አገኘኝ ማለት ነው።»

«አንቺ ካልመጣሽ ከዚህ በር አትወጣም። ማርያምን!»

አባትየው ብዙ አልቆየም፣ መጣ። ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ብስኩት ይዞ። ሰናይት ገና ድምፁን ስትሰማ እትዬ በላይነሽ ቀሚስ ኋላ ገባች። «ልጄን ልወስድ ነው» አለ፤ «እናቷ ትምጣ» አለችው። «አባቷ ነኝ» አለ፤ «እናቷ ትምጣ» አለችው። ፈገግ ብሎ ብስኩቱን በሩ ላይ ትቶ ሄደ። እሷም አንስታ ለጎረቤት ፍየል ሰጠችው። እኛ ለብስኩቱ አለቀስን።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ተመለሰ። አንዱ አባባ ተሰማ፣ የእናቴ አባት ነበሩ። አያቴ ስንቱን የፈረሰ ትዳር የጠገኑ፣ ስንቱን ደም ያደረቁ ሰው ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ያከብራቸዋል። ሽማግሌ ደጅ ሲመጣ ወጉ የታወቀ ነው። ቆሞ ይለምናል። ተቀመጡ ሲሉት «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ይላል። ከተቀመጠ እሺ ተብሏል ማለት ነው፤ አለቀ። ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም።

«በላይነሽ ልጄ፣ ባልና ሚስት ይጋጫል» አሉ አያቴ። «እኛ ቤቱ እንዳይፈርስ ነው የመጣነው። ልጅቱ አባቷ ቤት ከገባች እናቲቱም ትከተላለች፣ ከዚያ እናስታርቃለን።»

«አባባ፣ ጀርባዋን አይተውታል?»

«አልቅሶልናል። ሁለተኛ እጁን አያነሣባትም፤ በኛ ይሁን።»

«እናቷ በሌለችበት አይሆንም አባባ። ምያለሁ።»

«እንግዲያው እንቆማለን።»

ቆሙ። የሞያሌን የቀትር ፀሐይ የማያውቅ ሰው መቆም ምን አለው ይል ይሆናል። የኒሟ ጥላ ፈቀቅ ብሎ ትቷቸዋል። እኛ ክፍል ውስጥ ገብተን በበሩ እናያለን፤ ድስቱ ማረር ጀምሯል፤ የሚያነሣው የለም። የአያቴ ጉልበት በሽተኛ ነው፣ ከዘራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እትዬ በላይነሽ አንዴ እሳቸውን ታያለች፣ አንዴ በቀሚሷ የተጠቀለለችውን ልጅ። ድንገት አያቴ ወዘወዛቸው። ያን ጊዜ እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ያለቻትን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ስባ ከኋላቸው አደረገችላቸው።

«ኧረ አባባ፣ ሊወድቁ ነው፣ አረፍ ይበሉ።»

አያቴ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወዲያው እጅ ነሡ። «ተቀበልሽን ልጄ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ!»

«ኧረ እኔ ለጉልበታቸው ብዬ ነው» አለች።

«ተቀመጥን እኮ ልጄ» አሉ አያቴ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። ተንኮል አልነበረባቸውም። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው፤ ተንኮለኛ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ቆሞ የደከመ ሽማግሌ ወንበር ከተሰጠው ምን ይላል? ደስ አላቸው። እሷም የተቀመጠን ሽማግሌ አስነሥታ ልታባርር አልቻለችም። ማን ይችላል?

አባትየው ገብቶ የሰናይትን ጣቶች ከቀሚሱ ላይ እያላቀቀ ያዛት። እትዬ በላይነሽ የልጅቱን ሌላ ክንድ ይዛ ነበር። እሱ ሳበ። እሷም ሳበች። ሰናይት ያን ጊዜ ብቻ ጮኸች። ሳፋ ላይ ያላለቀሰች ልጅ ጮኸች፤ እትዬ በላይነሽም የልጅ አጥንት ነው ብላ፣ እንዳይሰበር ፈርታ፣ ለቀቀች።

ዘነበች ተጠርታ ስትደርስ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸት ነበር። አልጮኸችም። «ምለሽልኝ ነበር» ብቻ አለቻት። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ወደ ድንበሩ ነጎደች፤ ልክ ሽማግሌዎቹ እንዳሉት። ያን ዕለት ማታ አያቴ እኛ ቤት ራት በሉ። «ዛሬ ቤት አቆምን» አሉ። የሰናይት ጀርባ ቆስሏል ብላቸው ራሴን ዳሰስ አድርገው «ይድናል ልጄ» አሉኝ።

እትዬ በላይነሽ ጣቢያ ሄዳ ነበር። «አባት የገዛ ልጁን ወሰደ፣ ያውም ወዲያ ማዶ፤ እኛ ምን እናድርግ ማማ?» ብለው መለሷት። ተሻግራም ሄደች። በሩን ሳትከፍት ዘነበች ራሷ ከውስጥ «ሂጂልኝ እትዬ፣ ታባብሺብኛለሽ» አለቻት። ይህን ለእናቴ ስትነግራት እጇን በአፏ ላይ ጭና ነበር። ከዚያ ወዲያ ለማንም ወንበር አልሰጠችም። ነፍሰ ጡር እናት ብትመጣ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ባለጌ ናት እያሉ ስሟን በክፉ አነሡ። አያቴን መንገድ ላይ ስታገኛቸው ጎንበስ ብላ ሰላም ትላቸው ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ታመመች፣ ነርሰሪውን ዘጋች፣ ሜጋ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄዳ እዚያው ዐረፈች። አፈሩን ገለባ ያድርግላት።

አምና ወዲያ ማዶ ሸሚዝ ልገዛ አንድ ልብስ ቤት ገባሁ። ባለሱቁ ሻጯን «ሰናይት» ብሎ ሲጠራ ዞር አልኩ። ዓይኗ ያው ነው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ከብዙ ማሰብ በኋላ አወቀችኝ። እናትሽስ አልኳት። «አለች» አለች። ከእሱ ጋር? «ከእሱ ጋር።»

«እትዬ በላይነሽን ታስታውሻታለሽ?» አልኳት።

«እጄን የለቀቀችኝ ሴትዮ?»

በቂም አይደለም የተናገረችው። አንድን ሰው በመልኩ እንደሚያስታውሱት ነው። እኔ ግን ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የአያቴን ጉልበት፣ ፀሐዩን፣ ወንበሩን፣ ክንድሽ እንዳይሰበር ብላ ነው የለቀቀችሽ አልኳት። ሰናይት ሸሚዙን እያጣጠፈች ሰማችኝ።

«እንዲያ ነው?» አለች። እጅጌውን አጥፋ፣ «ቢሰበርስ? ክንድ እኮ ይድናል» አለች።

ሸሚዙን በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ።